ወንበሮቹን ያዞርንበት ዲሴምበር

ኖቬምበር 25፣ ማክሰኞ

ባለቤቴ ኪኑዮ እህቷ ዘንድ መንደሪን ለቀማ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ከግድግዳ ጋር ከማወራ ብጽፍ ይሻላል ብዬ ጀመርኩ። ዘንድሮ መንደሪኑ በጣም የበዛ መሰለኝ። ሌላ ጊዜ ሳምንት ቆይታ ትመለስ ነበር፣ አሁን ወሩ ሊያልቅ ነው።

ዛሬ ባቡር ጣቢያው ስብሰባ ነበር። አዲሱ የጣቢያ ሹማችን ቱጂሞቶ ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከልን ነው። በዕድሜ ልጄ ቢሆን አያሳፍርም። ፊቱ ሁልጊዜ አሁን የታጠበ ይመስላል። "የዓመት መጨረሻ ግብዣው ሊጀመር ነው፣ ሰካራሞቹ እየመጡልን ነው" አለ። "አምና በዚህ ወቅት የሆነውን ታስታውሳላችሁ።"

እንዴት አላስታውስም? እዚያው ቆሜ ነበር እኮ። አንድ ክራቫቱን ግንባሩ ላይ ያሰረ ሰውዬ ከአግዳሚ ወንበር ብድግ አለና ቀጥ ብሎ ተራመደ፤ ልክ ወደ መኝታ ቤቱ እንደሚሄድ። ከዚያ ሐዲዱ ላይ ነበር። ኪዮስክ ያላት ወይዘሮ ሃማጉቺ ሮጣ ቀዩን የአደጋ ቁልፍ ባትጫነው ኖሮ በአንድ ትከሻ ስብራት አይተርፍም ነበር። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ይህን በየማታው አስበዋለሁ።

ሹሙ እንደሚለው ሰካራም የሚወድቀው እየተንገዳገደ አይደለም። ተቀምጦ ይቆይና ድንገት ተነሥቶ ወደ ፊቱ ይሄዳል። የእኛ ወንበሮች ደግሞ ሁሉም ፊታቸው ወደ ሐዲዱ ነው። ስለዚህ ይዞራሉ፣ አዟሪውም ምክትሉ ናዋታ ነው፤ ማለትም እኔ። እስከ አዲስ ዓመት አንድ ሰው እንዳይወድቅ ቃል ገባሁ። ተነሥቼ፣ ጣቴን ወደ ሰሌዳው ቀስሬ፣ እንደ ባቡር ሠራተኞች ደንብ በሙሉ ድምፅ "ዓላማ፣ ደህና!" ብዬ ተጣራሁ። ሳቁ። ምኑ እንዳሳቃቸው እስካሁን አልገባኝም።

ኖቬምበር 28፣ ዓርብ

ወንበሮቹ ዞሩ። ወገቤም አብሮ ዞረ። አሁን ሁሉም ፊታቸውን በመሳፈሪያው ርዝመት መሐል ላይ ወዳለው ኪዮስክ አድርገዋል። ሁለት አሮጊቶች ገና ሲቀመጡ ጀመሩኝ።

"ምክትል፣ ምን አጥፍተን ነው እንደ ተማሪ ወደ ፊት አዙራችሁ ያስቀመጣችሁን?"

"ለደህንነት ነው፣ እማማ።"

"ወዲያ ማዶ የሚቆመውን ሰው እያየን ነበር የምናማው። አሁን የማንን ማጅራት እንማ?"

"ኪዮስኩን ይዩ፣ ጥሩ ነው።"

"ሃማጉቺን ስናይ ልንውል? ጭራሽ!"

"ሰምቻለሁ!" ብላ ጮኸች ሃማጉቺ ከመጽሔቶቹ ጀርባ።

መሳፈሪያው ጫፍ ላይ ያለውን የመጨረሻውን ወንበር ስናዞር "ከዚህ የሚነሣ ሰው አሁን ቀጥ ቢል የሚያገኘው ባቡር ሳይሆን አንቺን ነው፤ የቱ እንደሚብስ እንጃ" አልኳት። በጋዜጣ ጀርባዬን መታችኝ፤ ከዚያ ከሽርጧ ኪስ ከረሜላ አውጥታ እጄ ውስጥ ከተተች። የዚህ አገር ሴት ሲከፋትም ሲደሰትም ከረሜላ ነው የምትሰጠው።

ዲሴምበር 1፣ ሰኞ

ሥልጠና። ሰካራሞቹ ብቻ አይደሉም አሉን፤ ዝም የሚሉትም አሉ። ሻንጣ ያልያዘ፣ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ፣ ባቡር መጥቶ ሲሄድ የማይሳፈር ሰው ስታዩ ጠጋ በሉና አናግሩት፤ አንድ ቃል ሰው ይመልሳል። ባለ ብዙ ገጽ በራሪ ጽሑፍ ተሰጠን። ገጽ ሦስት ላይ "የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ሳትፈሩ በግልጽ ጠይቁ፦ መሞት አስበህ ታውቃለህ?" ይላል። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፣ እንዲያውም ሸክሙን ያቀላል ይላል። የበራሪ ጽሑፉን ቅጂዎች በየምሰሶው የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ቀጥ ብለው ተለጥፈዋል።

ግን እኔ ጠያቂ አይደለሁም። ዕድሜዬን በሙሉ የኖርኩት ጣቴን ቀስሬ ነው። ምልክት፣ ደህና! በር፣ ደህና! ሐዲድ፣ ደህና! ቤትም ቢሆን ያው ነኝ፤ ጠዋት ስወጣ ጋዝ፣ ደህና! መስኮት፣ ደህና! ኪኑዮ፣ ደህና! ዛሬ ጣቴ በልማድ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደ። ማንም የለም። ስለዚህ አዞርኩት። ማቀዝቀዣ፣ ደህና።

ማታ መስታወት ፊት ተለማመድኩ። "ዛሬ እንዴት ዋሉ?" መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ያስፈራል።

ዲሴምበር 3፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ። አንዲት ተማሪ ብቻዋን ቆማ ነበር፤ "ምሳ ምን በላሽ?" አልኳት። ፎቶ አነሣችኝ። ለሹሙ ደረሰ። ተጠራሁ።

ከዚያ አንዱን ባለ ሱፍ "ብርዱ እንዴት ነው?" አልኩት። ስለ አለቃው ማልቀስ ጀመረ። ሁለት ባቡር አመለጠው። ዘዴው ይሠራል፣ ግን የጉዞ ሰዓቱን ያዛባል።

ዲሴምበር 5፣ ዓርብ

አገኘሁት። በራሪ ጽሑፉ ላይ ያለው ሰው ራሱ።

ግራጫ ባርኔጣ ያደረገ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ መጣና ጫፍ ላይ ያለው የመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሻንጣ የለውም። ባቡር መጣ፣ አልተነሣም። ሌላ መጣ፣ አልተነሣም። እኔም በዚያ በኩል ብዙ ጊዜ ስለምቆም አላጣውም። ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ጭንቀት ነበር። አንድ ነገር ልበለው ብዬ ሄድኩ፣ አጠገቡ ስደርስ "የወንበሩ ብሎን ጠብቋል?" አልኩት። "ጠብቋል" አለኝ። አንተ ደንቆሮ ናዋታ!

ዲሴምበር 9፣ ማክሰኞ

ባለ ባርኔጣው በየቀኑ ይመጣል። ለእሱ ስል ምሳዬን ጫፉ ላይ ቆሜ መብላት ጀምሬአለሁ።

ዛሬ ከሃማጉቺ ጋር ሲያወሩ ሳልፍ ሰማሁ። "ድምፁ ጠፍቷል፤ ከኦክቶበር መጨረሻ ጀምሮ ነው። ድሮ እስከ ገበያው ይሰማ ነበር" ትለዋለች። እሱም "አዎ፣ ዛሬም ዝም ነው" ይላታል። እንዲህ ያለ ቅሬታ ለእኔ ነው የሚነገረው፤ እንግዳ ሰው ምን ያደርግላታል? ሠራተኛ ጠርቼ የድምፅ ማጉያውን አስፈተሽኩ። ምንም የለበትም። ልነግራት ስሄድ ረጅም ጊዜ አየችኝና ከረሜላ ሰጠችኝ። እነዚያ ሁለቱ አሮጊቶችም ሰጡኝ። ሁሉም ሳል የያዘኝ ሳይመስላቸው አልቀረም። ኪሴ እየተጣበቀ ነው።

ዲሴምበር 12፣ ዓርብ

ድል! ድል!

ዛሬ የመጀመሪያው እውነተኛ ሰካራም መጣ። የጠጣው ሳኬ ከሩቅ ይሸታል። ሦስተኛው ወንበር ላይ ወደቀና አንገቱን ደፋ። እኔ ምሰሶ ጀርባ ቆሜ ትንፋሼን ይዣለሁ። ፈጣኑ ባቡር መቃረቡ ሲነገር ሰውዬው ብድግ አለ፤ አምና እንደነበረው፣ ልክ እንደዚያው! ቀጥ ብሎ ሄደ። ቀጥ ብሎ ወደ ኪዮስኩ። የጋዜጣውን መደርደሪያ ገጨው፣ ወደ ኋላ ብሎ እጅ ነሣው፣ "ይቅርታ፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ አላየሁዎትም" አለው። ከዚያ ሃማጉቺን አቅፎ "እናቴ" ብሎ አለቀሰ። ባቡሩ ከጀርባው እያፏጨ አለፈ።

"ጋሼ ናዋታ! ይህን ሰውዬ አንሣልኝ እንጂ ምን ይገትርሃል!" ትላለች ሃማጉቺ። እኔ ግን እየሳቅኩ ነበር። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነው?

ቤት ስገባ ለኪኑዮ ልንገራት ብዬ ደወልኩ። እህቷ አነሣች። "ለቀማ ላይ ናት?" ብላት "አዎ፣ ለቀማ ላይ ናት" አለችኝ። ጨልሟል እኮ። በጨለማም የሚለቀም ከሆነ በእርግጥም ዘንድሮ በዝቷል ማለት ነው።

ዲሴምበር 16፣ ማክሰኞ

ባለ ባርኔጣውን አናገርኩት። ወኔ ለማግኘት ከመሸጫ ማሽኑ ትኩስ የባቄላ ሾርባ በቆርቆሮ ገዝቼለት ሄድኩ። ስደርስ እሱም አንድ ቆርቆሮ ይዞ ወደ እኔ እየመጣ ነበር። ተለዋወጥን። የያዝነው አንድ ዓይነት ነው።

ኦሪታ ይባላል። ጡረታ የወጣ ፀጉር አስተካካይ ነው።

"ከጀርባ ፀጉርዎ አድጓል፣ አቶ ናዋታ" አለኝ። "ይህን የሚነግርዎት ሰው የለም?"

"ባለቤቴ ነበረች የምትነግረኝ። መንደሪን ለቀማ ሄዳለች።"

"እስካሁን?"

"በዝቷል።"

ሾርባችንን ጠጣን። ባቡር መጣ፣ ሄደ። "እርስዎስ፣ እንዲያው፣ ደህና ነዎት?" አልኩት በመጨረሻ። ኩራት ተሰማኝ፤ ጠየቅኩ እኮ! እሱ ግን "እርስዎስ?" ብሎ መልሶ እኔኑ ጠየቀኝ። እንዲህ ነው፣ የሚደብቅ ሰው ጥያቄን ወደ ጠያቂው ያዞራል። በጣም ያሳስበኛል።

ዲሴምበር 19፣ ዓርብ

ቅሌት። ስለ ቅሌቱ አሁን አልጽፍም።

ዲሴምበር 20፣ ቅዳሜ

እጽፋለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሐዲዱን እየተቆጣጠርኩ ጫፉ ላይ ቆሜ ነበር። ሐዲዱ ላይ ቀይ የልጅ ጓንት አየሁ። ጓንቱን እያየሁ ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም። ትንሽ ቆየሁ መሰለኝ። ቢጫውን መስመር ትንሽ አልፌው ሊሆን ይችላል። ድንገት ደወሉ ጮኸ፣ ቀይ መብራቱ ተለኮሰ፣ ገና የሚገባው ባቡር ፍሬኑን ይዞ ከጣቢያው ውጭ ቆመ። ኦሪታ ነው! ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ፣ ባርኔጣው ወድቆ፣ ክንዴን በሁለት እጁ አንቆ ይዞታል። ለዚያ ዕድሜ ጉልበቱ የሚገርም ነው።

"ምን ሆነሃል አንተ ሰው! ጓንት እያየሁ ነው!" ብዬ ጮኽኩበት።

"እሺ፣ ጓንት ነው፣ እሺ" ይላል፤ ክንዴን ግን አይለቅም።

ሹሙ እየሮጠ መጣ። መንገደኛው ሁሉ በመስኮት ያየናል። በረጅሙ መቆንጠጫ ጓንቱን ፈለጉ። የለም። ነፋስ ወስዶት ይሆናል። ለዋናው መሥሪያ ቤት በሚላከው ዘገባ "ምክንያት" በሚለው ሥር "ጓንት" ብዬ ጻፍኩ። ሹሙ አነበበውና ምንም አላለም። ያ ልጅ ዝም ሲል አያምርበትም።

ዲሴምበር 22፣ ሰኞ

ሹሙ "እረፍት ይውሰዱ" አለኝ። በዓመት መጨረሻ! ሰካራሞቹን ለማን ትቼ? እምቢ አልኩ። ጫፍ ላይ የሚደረገውን ቁጥጥር ግን ለሌላ ሰው ሰጠው። በጣቢያው ላይ ዕድሜዬን ጨርሼ በአንድ ጡረተኛ ፀጉር አስተካካይ ምክንያት!

ሃማጉቺ ስታየኝ ለሽያጭ የሰቀለቻቸውን የመንደሪን መረቦች እያወረደች ነበር። "ጋሼ፣ የዘንድሮ ለቀማ እኮ አልቋል" አለችኝ ቀስ ብላ። "የሚያመጣልኝ ሰውዬ ነግሮኛል፤ ሳምንት አለፈው።"

"የእህቷ ቦታ ዳገታማ ነው" አልኳት። "እዚያ ይዘገያል።"

ዲሴምበር 26፣ ዓርብ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ ልጻፈው።

የሄደች ዕለት ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ጫማዬን አስሬ በሩ ላይ ቆምኩ። ጋዝ፣ ደህና! መስኮት፣ ደህና! ኪኑዮ፣ ደህና! እሷም ከወጥ ቤት "አይደለሁም" አለች። በቃ፣ አንዲት ቃል። እኔ ጣቴን እንደቀሰርኩ ነኝ። ልጠይቃት ይገባኝ ነበር። ሰዓቴን አየሁና "ባቡሩ ሊደርስ ነው፣ ማታ እንነጋገራለን" አልኩ። ማታ ስመለስ ወረቀት ነበር፣ እህቴ ዘንድ ሄጃለሁ የሚል። ስለ መንደሪን አልጻፈችም። መንደሪኑን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ስቀስርባት አንድ ቀን ዓይኔን አቅንቼ አላየኋትም። ምልክት መብራት እንኳ በደንብ ይታያል።

ነገ ጠዋት ይህን ገጽ እቀደው ይሆናል።

ዲሴምበር 27፣ ቅዳሜ

አልቀደድኩትም። ጊዜ የለም። ሦስት ሰካራሞች። ሁሉም ወደ ኪዮስኩ። ሃማጉቺ የራስ ቁር ግዙልኝ ትላለች።

ዲሴምበር 30፣ ማክሰኞ

ከሰዓት በኋላ የሥራ ልብሴን ለብሼ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ጫፉ ላይ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አልጽፍም። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ኦሪታ እዚያው ነበር፤ እንደጠበቀኝ። ቂሜን ልወጣበት ስል "ተቀመጥ" አለኝ፣ እርስዎ ማለቱን ትቶ። ተቀመጥኩ። ወንበሩ ወደ ሐዲዱ ስለማያሳይ ሁለታችንም ኪዮስኩን እያየን ነበር፤ ሃማጉቺም የሚገዛት ሰው አቁማ እኛን ታያለች።

ኦሪታ ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ምሰሶ ላይ የለጠፍኩት በራሪ ጽሑፍ ነው፤ የማጣበቂያው ምልክት አለበት።

"ይህ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው" አልኩት።

"ዝም በልና ስማ። መነጽሬን ልፈልግ።" መነጽሩን አደረገ። ጉሮሮውን ጠረገ። "ናዋታ፣ መሞት አስበህ ታውቃለህ?"

"ገጽ ሦስት ነው" አልኩ።

"አዎ፣ ገጽ ሦስት ነው። መልስልኝ።"

ይህን ሁሉ ጊዜ እሱን ስጠብቀው፣ እሱ እኔን ሊጠብቅ ነበር የሚመጣው። ኋላ እንደነገረኝ የላከችው ሃማጉቺ ናት። ፀጉር ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት ፀጉሯን የሚቆርጥላት እሱ ነበር፤ "ጡረታ ወጥተህ ከምትሰለች ናዋታን ጠብቅልኝ" ብላው ነበር። የጠፋውም ድምፅ የእኔ ነበር። ከኦክቶበር መጨረሻ ጀምሮ ጫፉ ላይ ስቆም ጣቴ ይቀሰራል፣ አፌ ግን አይጣራም። ዝም ብዬ ቁልቁል አያለሁ። እሷ ከኪዮስኳ ሆና ታዳምጥ ነበር። ለካ በየቀኑ የምትሰማኝ ሰው ነበረች።

የሥራ ልብሴን ቁልፍ ስነካካ ቆየሁ። ኦሪታ አላስቸኮለኝም።

"ጓንት አልነበረም" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

"አንድ ጓንት እንኳ አልነበረም፣ ኦሪታ።"

"አውቃለሁ፣ ወንድሜ።" እጁን ማጅራቴ ላይ አሳረፈ፤ ያደገውን ፀጉሬን እንደሚመዝን ሁሉ። እኔ አለቀስኩ፤ የሥራ ኮፍያዬን እንዳደረግኩ። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠና "ነገ ሐኪም ዘንድ አብሬህ እሄዳለሁ" አለ።

"ነገ የዓመቱ መጨረሻ ነው፣ ዝግ ነው።"

"ክፍት የሆነ አጣርቻለሁ። ገጽ አራት።"

ተነሣሁ። ዓይኔ በዕንባ ምንም አያይም፤ እግሬ ወደ ፊቱ ብቻ ሄደ። ቀጥ ብዬ ሄድኩና የጋዜጣውን መደርደሪያ ገጨሁት። ሃማጉቺ ክንዴን ያዘች።

"ይኸው" አለች እያለቀሰች፣ "ሌላ ሰካራም መጣብኝ።" ከዚያ ስልኳን እጄ ውስጥ ከተተች። "ደውልላት። ስለ መንደሪን አንዲት ቃል ብትናገር በዚህ ቴርሞስ ነው የምልህ!"

ደወልኩ። ራሷ ኪኑዮ አነሣች። ጣቴ በራሱ ጊዜ ሊቀሰር ሲል በሌላው እጄ ያዝኩት።

"ደህና ነሽ ወይ?" አልኳት።

"አይደለሁም" አለች።

"እኔም አይደለሁም" አልኩ። "ንገሪኝ። የትም አልሄድም።"

መናገር ጀመረች። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሰማኋት። ባቡር መጣ፣ እኔ አልተነሣሁም። ኦሪታ ግን ተነሣ፤ ባርኔጣውን አስተካከለ፣ ቢጫው መስመር ጀርባ በክብር ቆመ፣ ጣቱን ቀሰረና እስከ ገበያው በሚሰማ ድምፅ "ሐዲድ፣ ደህና!" ብሎ ጮኸ። ሹሙ ከቢሮው ራሱን አውጥቶ አየን፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መስኮቱን ዘጋው።

ጃንዋሪ 1፣ ሐሙስ

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ያዳምጣል። ከእንግዲህ በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ለሹሙም ሁሉን ነገርኩት፤ እረፍቱንም ወሰድኩ። ነገ ኪኑዮ ጋ እሄዳለሁ። መንደሪን ስለሌለ ምን እንደማግዝ አላውቅም፣ ደርሼ እጠይቃለሁ። ትመለስ አትመለስ ገና አልተናገረችም። እኔም አላጣደፍኳትም።

ዛሬ ጣቢያ ሄጄ ሻይ ስንጠጣ ሹሙ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈ። "በዘመቻው አንድም ሰው አልወደቀም!" አለ፣ ፊቱ እያበራ።

ሃማጉቺ ከበሩ ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

"ለጥቂት" አለች፣ ከረሜላም ወረወረችልኝ። ቀለብኩት።